የወይዘሮ ጃኔል ፓንኬክ

በየአገሩ፣ በየመንደሩ፣ ያየውን ነገር ሁሉ ትምህርት ካላደረገ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ቢዘንብ ያስተምራችኋል። ወተት ቢደፋ ያስተምራችኋል። ጥርሳችሁን ቢያማችሁ አፋችሁን አስከፍቶ፣ እያለቀሳችሁ፣ የመንጋጋችሁን ዓይነት ያስቆጥራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ቤት መቀየር፣ ወይ መማር።

ቨርሊን ቤት መቀየር አልቻለም። ዕድሜው ስልሳን አልፏል፤ ቤቱ የአባቱ ነው፤ ሚስቱ ሎይስም የተከለቻቸውን ጽጌረዳዎች ጥላ የትም አትሄድም። ስለዚህ እየተነጫነጨ ተማረ። ሥራው የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ነው። ቢጫዋን አውቶቡስ ማታ ደጁ ላይ ያሳድራታል፤ ጠዋት በመላው ሚዙሪ ግዛት አቻ የማይገኝለትን ክፉ ኮረኮንች እየተንገጫገጨ ልጆች ይለቅማል። «ይሄን መንገድ ማን ጫነብህ?» ያለው ሰው ካለ፣ «ዕድሌ ነዋ! ለእኔ መቼ አስፋልት ይደርሰኛል?» ይላል። ከቤቱ ዳገቱን ወረድ እንዳለ አውቶቡሱ ሳይቆም የሚያልፈው አንድ ቤት አለ። የክብርት ወይዘሮ ጃኔል ቤት ነው።

ክብርትነታቸው ሦስት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አልላኩም፤ ራሳቸው ቤት ውስጥ ያስተምራሉ። ርእሰ መምህሯ እሷ፣ ደወል ደዋይዋ እሷ፣ ምሳ አብሳይዋ እሷ። ቨርሊን በሆዱ «ሚኒስትሯ» ነው የሚላት። ባሏ ክሬግ፣ ትራክተር ጠጋኙ፣ የወላጆች ኮሚቴ ነው፤ ይሰበሰባል፣ ይስማማል፣ ይበተናል። የመጀመሪያዋ ልጅ ሃዳሳ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቦአዝ ዘጠኝ፤ ትንሿ ዊኒ ደግሞ አምስት። ሚኒስትሯ ከአፏ የማትለያት አንዲት ቃል አለቻት፤ «ይሄም ትምህርት ነው!»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲያዛጋ፣ እነሱ ገበያ ናቸው። ገንዘብ ተቀባይዋ «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ስትላቸው፣ ሦስቱም ባንድ ድምፅ «ትምህርት ላይ ነን!» ይሏታል። ከዚያ የእያንዳንዱ ሽንኩርት ክብደት በዓይን ይገመታል፤ ይመዘናል፤ ማን እንደቀረበ ይታያል፤ ያሸነፈው ይጨበጨብለታል። አንድ ቀን ቨርሊን ከኋላቸው ተሰልፎ፣ የያዘው አይስክሬም ቀልጦ ክርኑ ድረስ ወረደለት።

«ምነው ጃኔል፣ ሰው እንዳለ አታዪም?»

«ወይ አቶ ቨርሊን! ልጆች፣ ኑ እዩ! በረዶ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ!» እጁን ይዛ ለልጆቹ አሳየቻቸው። «ይሄም ትምህርት ነው!»

አንድ ክረምት ባዶ አውቶቡሱን ሲመልስ በበረዶ ተንሸራቶ ቦያቸው ውስጥ ገባ። አካፋ ይዘው ይወጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ልጆቿን አሰልፋ፣ ማስመሪያና እርሳስ ይዛ ወጣች። ረጅም ግንድ የቱ ጋ ቢገባ፣ የቱ ጋ ቢጫኑት ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ልጆቹ እየተከራከሩ፣ እየለኩ፣ እየሳሉ፣ ቨርሊን እግሩ ደነዘዘ። «ኧረ ጃኔል፣ እኔን ቅበሩኝና ቀጥሉ!» ብሎ ጮኸ። የኋላ ኋላ ግን እውነቱን እንናገር፣ ያን የሚያህል አውቶቡስ ከቦይ ያወጡት አንዲት ሴት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ግንድ ናቸው። ዊኒ ያኔ ገና ታዝላ ነበር። ቨርሊን ይህን ለማንም አልተናገረም።

በዓል ሲመጣማ አይጣል ነው። አንድ ዓመት ለምስጋና ቀን ቨርሊንንና ሎይስን ጠሯቸው። ያ ተርኪ ዶሮ ተጠብሶ ወርቅ መስሎ ቀረበ፤ ሚኒስትሯ ቢላዋ አነሳች፤ ቨርሊን ሳህኑን ዘረጋ። መብላት መስሎታል የዋሁ! ዶሮው ለመበላት ሳይሆን ለመታወቅ ነው የቀረበው። ይሄ ክንፉን የሚያነሳበት ጡንቻ ነው፤ ይሄ መገጣጠሚያው ነው። ጥሬውን ለብቻ ያስቀመጠችውን፣ ዶሮ በጠጠር እህል የምትፈጭበትን ሆድ ደግሞ እዚያው ሰንጥቃ ጠጠሮቹን በሹካ አወጣቻቸው። ሎይስ ከዚያ ቀን ወዲህ ተርኪ አትቀምስም። የዱባው ኬክም ሲቆረጥ፣ «አቶ ቨርሊን ከስምንት ሁለት በሉ፤ ምን ያህሉ ቀረ?» ተብሎ ሆዳምነቱ በልጆች ፊት ተሰላ።

የገናው ዛፍ ነገርማ ይብሳል። አንድ ዓመት ጥዱ ተቆርጦ ሳይጌጥ በፊት ግንዱ ላይ ያሉት ቀለበቶች ይቆጠሩ ተባለ። ተቆጠሩ። ዛፉ የሃዳሳ እኩያ ሆኖ ተገኘ። ቦአዝ «እኩያዋን ገደልነው!» ብሎ እሪ አለ፤ ሃዳሳ ተከተለችው፤ ገና ቀብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዛፍ አይቆረጥም። በርሜል ውስጥ ጥድ ተከሉ። ለገና ወደ ቤት ይገባል፤ ከገና በኋላ ወደ ደጅ ይወጣል። ዛፉ በየዓመቱ ያድጋል፤ የቨርሊን ወገብ በየዓመቱ ያረጃል፤ ክሬግና ቨርሊን ግን በየዓመቱ እያቃሰቱ ይገፉታል። «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» ይላል ቨርሊን። አምናም ብሏል።

የበዓላቸው ሁሉ በኩር ግን ገናም ምስጋናም አይደለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት የሚከፈትበት ጠዋት ነው። የሌላው ሰው ልጅ ጸጉሩን ተበጥሮ፣ አዲስ ጫማ እየጠበበው አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ እነሱ ከነቢጃማቸው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። የፓንኬክ ክምር ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማሩ ይንጠባጠባል። ቢጫዋ አውቶቡስ ብቅ ስትል ድስትና ክዳን እያጋጩ፣ እየጨፈሩ፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ክብርትነታቸው ሳህን ከፍ አድርገው፣ «አቶ ቨርሊን፣ አንድ ፓንኬክ!» ብለው ይጣራሉ። ቨርሊን ሰዓቱን ያሳያታል። ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ ያልፋል። አውቶቡስ ውስጥ ያሉት ልጆች በመስኮቱ ተንጠራርተው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሆነ።

«ይቺ ሴትዮ ልጆቹን ሰው አታደርጋቸውም» ይላት ነበር ለሎይስ ማታ ማታ። «ልጅ ከልጅ ጋር ነው የሚያድገው። አንድ ቀን እንኳ አውቶቡሴ ላይ ብትሰቅላቸው ምን አለበት?»

ታዲያ ዘንድሮ፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ቨርሊን አውቶቡሱን ደጁ ላይ ሲያጥብ፣ በየሳምንቱ እንቁላል የምታደርስላቸው ሃዳሳ በብስክሌት መጣች። ብስክሌቱን አጋድማ አጠገቡ ቆመች።

«አቶ ቨርሊን፣ አውቶቡሱ እኛ ቤት ጋ መቆም ይችላል?»

«ምነው፣ እናትሽ ሞተሩን ፈታታ ልታሳያችሁ አማራት?»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነው። ከተማ ያለው ትምህርት ቤት።»

ቨርሊን ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ወሬ ነው፤ ሲሰማው ግን ቀድማ ትዝ ያለችው ጃኔል ናት። «እናትሽስ ምን አለች?»

«‹እስረኛ አላሳደግኩም፤ ሂጂ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ብላለች።»

«ዝም? ጃኔል?»

«ትናንት መብረቁን ሰምተዋል? ብልጭ ካለ ድምፁ እስኪመጣ ሁልጊዜ ታስቆጥረን ነበር። ትናንት ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ዊኒ ‹እማ፣ አንቆጥርም?› ስትላት፣ ‹እናንተ ቁጠሩ› አለቻት።» ሃዳሳ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን ጫረች። «የሚከፈትበት ቀን ደግሞ በዓላችን ነው። እነሱ በረንዳ ላይ፣ እኔ አውቶቡስ ውስጥ? ልተወው መሰለኝ አቶ ቨርሊን። እሷን ከሚከፋት ይቅርብኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ለምን መሄድ ፈለግሽ?»

«እማዬ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረችኝ። አሁን እሷ የማታውቀውን ማየት አማረኝ። እንዲያምረኝ ያደረገችኝም እሷው ናት።»

ቨርሊን ብዙ የሚናገረው ነበረው፤ ለሎይስ ዘጠኝ ዓመት ሲናገረው የኖረው ሁሉ ነበረው። አንዱም አልመጣለት አለ። «እኔ ሹፌር ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እቆማለሁ፤ በር እከፍታለሁ። መግባት አለመግባቱ ያንቺ ነው።» ከዚያ አየት አደረጋት። «እንቁላል አድርሺ ተብለሽ አይደል የመጣሽው? እንቁላሉስ?»

«ውይ!» አለች፤ ተሳሳቁ። እንቁላሉ ግን አልመጣም፤ በዚያ ሳምንት የእንቁላል ነገር ትዝ ያለው ማንም አልነበረም።

ማታ ሎይስ፣ «ይኸው ስትመኘው የኖርከው ሆነልህ፤ ደስ አይልህም?» አለችው።

«ደስ ብሎኛል» አለ። ፊቱ ግን ለቅሶ ደርሶ የመጣ ሰው ፊት ነበር።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት፣ አውቶቡሱ ከዳገቱ ማዶ ያሉትን ልጆች ጭኖ ዳገቱን ወረደና ቨርሊን አንገቱን አሰገገ። በረንዳው ባዶ ነው። ጠረጴዛ የለ፣ ድስት የለ፣ ቢጃማ የለ። በሩ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ወርዷል። ሃዳሳ ብቻ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆማለች፤ ቦርሳዋ አዲስ፣ ጫማዋ አዲስ፣ ጸጉሯ የተበጠረ። ልክ እንደ ሌላው ሰው ልጅ።

ቆመ። በሩን ከፈተ።

አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገችና ወደ ቤቱ ዞረች። «አልወጡም» አለች። «ዊኒ እንኳ። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። በዓሉን ሰረዙት አቶ ቨርሊን። በኔ ምክንያት።»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «ምን ተገትራ ታስቆመናለች?» አለ።

«አንተ አፍህን ዝጋ!» አለ ቨርሊን፤ ሳይዞር። ልጅቷን ዝቅ ብሎ አያት። መንገዱ ላይ ያለው ሕግ ተሳፋሪ ሲዘገይ ጥሎ መሄድ ነው። ሕጉን ረስቶት ሳይሆን እግሩ ነዳጁን መርገጥ አልፈለገም። «የኔ ልጅ፣ በዓል አይሰረዝም፤ ቢበዛ ይዘገያል» አላት። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አላወቀም፤ አፉ ላይ የመጣለት እሱ ነው።

ሃዳሳ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች፤ ከሱ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቨርሊን እንደ ልማዱ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ከቤቱ የመለሰለት የለም። መንገዱን ሙሉ፣ «ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ? ልጅ እንዲህ ይሸኛል?» እያለ ሚኒስትሯን በሆዱ ሲረግማት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ አራግፎ ሲጨርስ ሃዳሳ ብቻ ቀረች፤ የመጨረሻዋ ወራጅ እሷ ናት። እንዴት ነበር ብሎ ሊጠይቃት ፈለገና ፈራ። እሷም መስኮት መስኮቱን ታያለች። ያንን ባዶ በረንዳ እንደገና ለማየት ሁለቱም አልቸኮሉም።

ከዚያ፣ ከጠመዝማዛው ወዲያ፣ ድስት ሲጋጭ ተሰማ።

ቨርሊን የነሐሴ ፀሐይ ጭንቅላቴን መታችኝ እንዴ ብሎ ነበር። አልመታችውም። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ሰዓት፣ ያ ቤተሰብ ከነቢጃማው በረንዳ ላይ ወጥቶ ይጨፍራል። ቦአዝ ድስት ያጋጫል። ክሬግ ከሥራ ቀርቶ፣ የክረምት ቢጃማውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። የፓንኬክ ክምሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዊኒ በአንድ እጇ ክዳን ይዛ በሌላው እንባዋን እየጠረገች፣ «ሃዳሳ! ሃዳሳ! ቁርስ አልበላንም! ዳቦና ፖም ብቻ! እማ ያላንቺ ቁርስ የለም አለች!» ትላለች።

ክብርት ወይዘሮ ጃኔልም ሳህኗን ከፍ አድርጋ፣ «አቶ ቨርሊን፣ አንድ ፓንኬክ!» አለች።

ቨርሊን ከልማዱ ሰዓቱን ሊያሳያት እጁን አነሳ። ሰዓቱን አየ። የሚያደርሰው ልጅ አልቀረም። ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

ደረጃው ላይ አስቆመችው። «ያለ ቢጃማ ማዕድ አይቀረብም፤ ሕግ ነው።» ለሃዳሳ ቢጃማዋን ሰጠቻት፤ ለቨርሊን የክሬግን የመኝታ ጋውን በሸሚዙ ላይ አለበሰችው። ሃዳሳ ግን ቢጃማውን እንዳቀፈች አልተንቀሳቀሰችም።

«ጠዋት ለምን አልወጣችሁም?» አለች።

ጃኔል ሳህኑን አስቀመጠች። «ብንወጣ ትገቢ ነበር?»

ሃዳሳ ፓንኬኩን አየች፤ ዊኒን አየች።

«አውቅሻለሁ» አለች እናቷ። «ፓንኬኩን አይተሽ፣ ዊኒን አይተሽ፣ እኔን አይተሽ እግርሽ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ዊኒን አቅፌ፣ የቦአዝን አፍ በእጄ ይዤ።»

«ነክሻታለሁ» አለ ቦአዝ።

«ነክሶኛል» አለች ጃኔል፤ ጥርስ ያረፈበትን እጇን አሳየች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ቨርሊን ጠዋት የረገመውን ሁሉ መልሶ ዋጠው።

ተቀመጡ። ዘጠኝ ዓመት በመስኮት ያየውን ፓንኬክ ቨርሊን አፉ አደረገው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሃዳሳ ቢጃማዋን ለብሳ መጥታ ታወራ ጀመር። ደወል ሲደወል መሀል ዓረፍተ ነገር ላይ እንኳ ቢሆን ተነስቶ መሄድ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ደግሞ እጅ ይወጣል፣ ይፈቀዳል።

«ሳይፈቀድ ቢመጣስ?» አለች ዊኒ ደንግጣ።

ወዲያው ጠረጴዛው ትምህርት ቤት ሆነ። መናገር የፈለገ እጅ ያወጣል፤ ሃዳሳ ትፈቅዳለች። ክሬግ እጁን አውጥቶ ማር ለመነ። ቦአዝ እጁን አወጣ።

«ቦአዝ።»

«ጥያቄዬ ለአቶ ቨርሊን ነው። እማዬ ብዙ ዓመት የነዳ ሹፌር መንገዱን ቀድሞ ይመርጣል ብላለች። ከሁሉም ብዙ የነዱት እርስዎ ነዎት። ታዲያ በየዓመቱ ይሄን ኮረኮንች ለምን ይመርጣሉ?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የቨርሊንን ግን ፓንኬክ ሊያወጣው ነው። አንድ ሙሉ ፓንኬክ አጥፎ አፉ ውስጥ ከተተ፤ መናገር እንደማይችል በእጁ አሳየ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ጃኔል አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ሌላ ፓንኬክ ጨመረችለት።

ከዚያ እሷ እጇን አወጣች። ዘጠኝ ዓመት የሁሉን ነገር መልስ ስታውቅ የኖረች ሴት፣ የተነከሰ እጇን ቀጥ አድርጋ አንስታ፣ እስክትጠራ ጠበቀች።

«እማ» አለች ሃዳሳ።

«ደስ ብሎሽ ነበር?»

ልጅቷ ውሸት እንዳትናገር ስትጠነቀቅ ሁሉም አዩዋት። «ጠዋት አልነበረም» አለች። «ምሳ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከሰዓት ግን አንዲት መምህርት ወንዝ ለምን እንደሚጠመዘዝ ጠየቀችን። እኔ መለስኩ። ‹ይሄን ማን አስተማረሽ?› አለችኝ። ‹እናቴ፣ ወንዙ ውስጥ አቁማ› አልኳት። አዎ እማ። ደስ ብሎኛል።»

ጃኔል አንገቷን ነቀነቀች፤ ደጋግማ ነቀነቀች። አንድ ሳምንት ከአፏ ጠፍታ የከረመችው ቃል ስትመጣ ታየች። «ይሄም ትምህርት ነው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

ቨርሊን በጋውኑ እጅጌ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ እሱም እጁን አወጣ።

«አቶ ቨርሊን» አለች ሃዳሳ።

«ነገም እዚህ ልቁም?»

ሃዳሳ ወደ እናቷ ዞረች። ቦአዝም ዞረ፤ ዊኒም፤ ክሬግም። ጃኔል ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀምራ ነበር፤ አቆመች።

«ይቁሙ እንጂ!» አለች። «ክላክሱን ግን እንዳይረሱ፤ እንደ ዛሬው ሁለቴ። ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ሮጬ ልወጣ ስል፣ ‹አይዞሽ› ብሎ ያቆመኝ እሱ ነው።»